«ቤት ነበርኩ»፦ ከልጄ ጋር ገሊላ ደርሶ መልስ

መነሻ፣ ክርያት ሞሼ

ረሆቮት ካለው ሰፈራችን፣ ከክርያት ሞሼ፣ የተነሳነው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ተጓዦቹ ሁለት ነን፤ እኔና ልጄ ሚካል። የጉዞው ዓላማ ግልጽ ነበር። ሚካል ነርስ ለመሆን በገሊላ ተራራ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ኮሌጅ አመልክታ ለራያዮን ተጠርታለች። ራያዮን የሚሉት እዚህ አገር ሰውን ከመቀበላቸው በፊት ፊት ለፊት አስቀምጠው የሚጠይቁትን ጥያቄ ነው። የኮሌጁንም የከተማዋንም ስም አልጽፍም። ሰዎቹ ክፉ አልሠሩብንም፣ ስማቸውን የማነሳበት ምክንያት የለኝም።

ለምን ያን ያህል ሩቅ ሄዳችሁ የሚለኝ አይጠፋም። የመግቢያ ፈተና ውጤቷ በቅርብ ላሉት ትምህርት ቤቶች ትንሽ ጎደለ። የገሊላው ኮሌጅ ግን ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም እናያለን ብሎ ጽፏል። ይህን ስታነብልኝ «እንግዲያውስ ገብተሻል» አልኳት። ሚካልን አይቶ የሚመልስ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲያመጡን ልጅ ነበርኩ። እዚህ አድጌ፣ እዚህ አግብቼ፣ ዕድሜዬን በአውቶቡስ ነጂነት ነው ያሳለፍኩት። ከሦስት ዓመት በፊት ጭንቅላቴ ውስጥ ደም ረጋና ቀኝ ጎኔን ጣለው፣ ምላሴንም አሰረው። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን በምርኩዝ እሄዳለሁ፣ እናገራለሁም። መንጃ ፈቃዴን ግን ወስደውብኛል። ሁለት ዓመት ያህል ግን ሰው ካላነሳኝ የማልነሳ፣ ሰው ካላጎረሰኝ የማልበላ ነበርኩ። ባለቤቴ ብርቱካን ነስ ጺዮና በሚገኝ የማሸጊያ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ የእኔ ደሞዝ ሲቀንስ እሷ ሁለት ፈረቃ ያዘች። ስለዚህ ያጠበችኝም፣ ያለበሰችኝም፣ ያጎረሰችኝም ገና ከሠራዊት አገልግሎቷ የተመለሰችው ሚካል ናት።

ይህን አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ከቤታችን በር አልወጣም ነበር። እኛ ዘንድ ገመና የሚባል ነገር አለ፤ በሽታም ይሁን ችግር ወይም ጠብ፣ የቤት ጉድ ለውጭ ሰው አይነገርም። እንግዳ ሲመጣ ሚካል ቶሎ ሸሚዝ አልብሳ ሶፋው ላይ ታስቀምጠኝና የሰነፈውን እጄን በጋቢ ትሸፍነዋለች። ብርቱካን ደግሞ «ወገቡን አሞት ነው፣ መናገርም ደክሞታል» ትላለች። ታላቅ ወንድሜ እንኳ እስከ ዛሬ የሚያውቀው የወገብ ሕመም እንደነበረብኝ ነው። አባት በሴት ልጁ እጅ ይታጠባል ተብሎ እንዲወራ አልፈለግሁም። ብሞት ይቀለኛል እንጂ ያንን ለማንም አልናገርም ነበር።

ብርቱካን የሚካልን ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥራ፣ ሻይ በቴርሞስ ሞልታ ሸኘችን። ልጅቱን ግንባሯን ስማ «በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ» አለቻት። እኔን ደግሞ ሾፌሮቹን እንዳላስቸግር አስጠነቀቀችኝ።

በባቡር

ማስጠንቀቂያው አልጠቀመም። ከሰፈራችን ወደ ባቡር ጣቢያው የወሰደን አውቶቡስ ነጂ ገና ጢሙ ያላበቀለ ጎረምሳ ነው፤ ፍሬኑን እንደ ጠላት ይረግጠዋል። አደባባዩ ላይ ሲደርስ እኔ ሳላውቀው ደህናው ግራ እግሬ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ተጫነ። ሚካል አይታኝ ሳቀች።

«አባ፣ ያላ በቃ፣ ዛሬ አንተ አይደለህም የምትነዳው» አለችኝ።

ባቡሩ ውስጥ ወታደሮች መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተኝተዋል። ቴል አቪቭ ወርደን ወደ ሰሜን የሚሄደውን ያዝን። በስተግራ በኩል መቀመጫ የመረጥኩት ባሕሩ በዚያ በኩል ስለሚታይ ነው። ድሮ ሽማግሌዎችን ለሽርሽር ወደ ሰሜን ስወስድ በመንገዱ ፈንታ ባሕሩን ማየት ሁልጊዜ ያምረኝ ነበር። አሁን እንደ ልቤ አየሁት። ሐይፋ ከመድረሳችን በፊት ውሃው ከሐዲዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ሰማያዊ ሆኖ ተዘረጋ፣ በባዶ ሆዴም ቢሆን ጠገብኩ።

እንቁላሉን እየላጥን ልምምድ አደረግን። እኔ ጠያቂ ሆንኩ። ድምፄን አወፍሬ ራስሽን አስተዋውቂ አልኳት፤ በዕብራይስጥ አሳምራ መለሰች። ጥንካሬሽ ምንድን ነው ስላት ትዕግሥት አለች። ድክመትሽስ ስላት ደግሞ አባቴ ቁም ነገረኛ ሲመስል ሳቄን መቆጣጠር አልችልም ብላ የእንቁላል ቅርፊት ወረወረችብኝ። ለምን ነርስ መሆን ፈለግሽ የሚለውን ግን አልጠየቅኋትም። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን ብዬ ነው ያለፍኩት።

ወደ ተራራው

ካርሚኤል ላይ ከባቡር ወርደን የገሊላን አውቶቡስ ያዝን። እኔ በሕመምተኛ ቅናሽ ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍለው፤ ካርዱን ሳሳይ አሁንም ትንሽ እፍር እላለሁ። ነጂው ሸበቶ ዐረብ ነው። ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጀምሮ ልቤን ወሰደው። መሪውን ሳያጣድፈው፣ ማርሹን ሳያስጮኸው፣ ያን ሁሉ ዳገት ተኝቶ የሚወስድ ይመስል ነበር። በግራም በቀኝም የወይራ ዛፍ ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ላይ ተከምሮ እርከን ተሠርቷል፣ በእርከኑ ላይ ፍየሎች ቆመው እኛን ያያሉ። ከፍ ባልን ቁጥር ጆሯችን ይደፈናል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ረሆቮት ላይ ካለው ወበቅ በኋላ ያ አየር መድኃኒት ነው።

ስንወርድ ለነጂው አነዳዱ እንዳማረኝ ነገርኩት። ዓይኔን አየና አንተም የሙያው ሰው ነህ አለኝ። ነበርኩ አልኩት። ሚካልን እያሳየሁ ለምን እንደመጣን ስነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅናሽ አላት። መልካም ምልክት ነው ብዬ ያዝኩት።

ኮሌጁ

ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ ነጭ ድንጋይ፣ ጥድ ዛፎች፣ ረጅም ኮሪደር። ኮሪደሩ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረው ወጣቶች ተራ ይጠብቃሉ። ከጎናችን የተቀመጠችው ልጅ በአምቡላንስ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆና እንደሠራች ሳንጠይቃት ነገረችን። ስንት ሰው እንዳዳነች፣ የት የት እንደተሸለመች ሁሉ ዘረዘረች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ብስኩትም አካፍላናለች። እኔ ግን በልቤ ይህቺ ልጅ ራሷን እንዲህ ስታወድስ እናቷ ብትሰማ ምን ትል ይሆን አልኩ። እሷ ገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከበሩ ጀርባ ሳቅ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ሚካልን ጠሩ። በሩ ሲከፈት ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡ ሁለት ሴቶችና አንድ መነጽር ያደረገ ሰው አየሁ። በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን ብሰጥም ሳቅ አልሰማሁም፤ ንግግሩም ይቆራረጣል። ሻይ ከቴርሞሱ ቀድቼ ሳልጨርሰው ሚካል ወጣች።

«እንዴት ነበር?»

«ቤሰደር» አለችኝ፣ ደህና ነበር ለማለት።

ዕድሜዬን ሙሉ የሞተር ድምፅ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ደህና ያልሆነ ነገር ሲያሰማ አውቃለሁ። ያ ቤሰደር ደህና አልነበረም። ነገር ግን ወዲያው ከጠያቂዎቹ አንዷ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ደርባባ ሴትዮ፣ ቀጣዩን ልጅ ልትጠራ ብቅ አለችና አየችኝ። አባቷ ነህ ብላ ጠየቀችኝ። ነኝ አልኳት። «በጣም ጨዋ ልጅ አለችህ» አለችኝ። እኛ ዘንድ ልጅ ከዚህ በላይ የሚመሰገንበት ቃል ስለሌለ ሆዴ ሞቀ፤ እጅ ነስቼ አመሰገንኳት። ሚካል ግን ቦርሳዋን አንስታ ወደ መውጫው መሄድ ጀምራ ነበር።

ምሳ

ከኮሌጁ ቁልቁል ስንወርድ መንገድ ዳር አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ድሩዝ ከሚባሉት የተራራው ሰዎች ወገን የሆነች ሴት እንደ ጉልላት በተገለበጠ ብረት ላይ ስስ ቂጣ ትጋግራለች። ላባኔ የሚሉትን እርጎ የመሰለ አይብ ትቀባበትና ዛዕታር የሚባለውን ቅመም ነስንሳ ትጠቀልለዋለች። ሁለት አዘዝን፤ ዋጋው ረሆቮት ከምንከፍለው ይቀንሳል፣ ጣዕሙ ግን አይቀራረብም። በርጩማ ሰጠችን። እኔ ሁለቴ ጎረስኩ። ሚካል ቂጣዋን በእጇ ይዛ ተራራውን ታያለች።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። መጀመሪያው ደህና ነበር፤ እኔ ያለማመድኳትን ሁሉ ጠይቀዋታል። ከዚያ ለምን ነርስነት አሏት። ሰው መርዳት ስለምወድ ብላ መለሰች። ባለመነጽሩ ይህን ሁሉም ሰው ይለዋል፣ ከራስሽ ሕይወት አንድ ነገር ንገሪን አላት። ያንኑ መልስ ደገመችላቸው። ፀጉረ አጭሯ ሴትዮ ማመልከቻዋን አገላብጣ፣ ከሠራዊት ከወጣሽ በኋላ ሁለት ዓመት ምንም አልጻፍሽም፣ የት ነበርሽ አለቻት።

«ምን አልሻት?»

«ቤት ነበርኩ አልኳት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ምን ትሠሪ ነበር ብለው ደግመው ጠየቋት። እሷም ደግማ ቤት ነበርኩ አለች። እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ሰውየው በለሰለሰ አነጋገር መከራት። ነርስነት ደግነት ብቻ አይደለም፣ የሰው ገላ አለበት፣ ሽታ አለበት፣ የከበደ ሰው ማንሳት አለበት፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቦታ ሄደሽ ትንሽ ጊዜ ሥሪ፣ መቻልሽን እይና ተመለሽ አላት። መልሱ በኢሜይል ይመጣል ቢሏትም መልሱን እዚያው ተቀብላ ነው የወጣችው።

እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ራቁቴን አላዩኝም። ልጄ ሸፍናኝ ወጣች። ይህ ስሜት የቆየው አንዴ እስክተነፍስ ድረስ ነው፤ ከዚያ «መቻልሽን እይ» ያላት ነገር ውስጤ ገባ። እኔ ከባድ ሰው ነኝ። ብቻዋን እያነሳችኝ ወገቧን አሟት ያውቃል።

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ያንተ ነገር ነዋ፣ አባ። ለአጎቴ ያልነገርከውን እኔ ለማላውቃቸው ሰዎች ልንገር?»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ነገሩ ግልጽ ሆኖላት፣ ሌላ መንገድ ያለ እንኳ ሳይመስላት ነው። ገመናዬን አታውጪ ብዬ አስጠንቅቄያት አላውቅም። ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልጋት ነው የሸፈነችኝ።

ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁ። ወደ ላይ ተመልሼ በሩን አንኳኩቼ ሁሉንም ልነግራቸው ነበር። እጅጌዬን ያዘችኝና «ቁጭ በል፣ ቂጣው ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ዳገቱን ሳየው እኔም እንደማልወጣው ገባኝ። ተቀመጥኩ። ያልነካችውን ቂጣ ከእጇ ወስጄ ቆረስኩና ጉርሻ ዘረጋሁላት። በግራ ማጉረስ ነውር ስለሆነ በቀኜ ነው፤ ቀኜ ደግሞ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ግማሹ አፏ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ላባኔ በተተኮሰው ሸሚዟ ላይ ተንጠባጠበ። ሚካል ወደ ታች አይታ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ እያለቀሰችም አኘከችው። የድሩዟ ሴት ምንም ሳትጠይቅ ሦስተኛ ቂጣ አምጥታ አስቀመጠችልን፤ ስንከፍል የእሱን ዋጋ አልቀበልም አለች።

መልስ

ወደ ታች ያወረደን ነጂ እንዴት እንደነዳ አላስታውስም፣ ይህ በእኔ ላይ ደርሶ አያውቅም። በባቡሩ ውስጥ ሚካል ትከሻዬ ላይ ተኛች። ባሕሩ አሁን በቀኛችን ሆኗል፣ ፀሐይዋ ወደሱ ትወርዳለች። ብዙም አላየሁት።

እነዚያን ሁለት ዓመታት አስብ ነበር። መጀመሪያ ስታጥበኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ እሷም አውቃ ፊቷን አዙራ ነው በእጇ የምትፈልገኝ። መናገር አቅቶኝ በነበረ ጊዜ ደግሞ አንድ ብልሃት አመጣች። እያጠበችኝ ለዓመታት የነዳሁትን መስመር ፌርማታዎች በተራ ታስጠራኛለች። የመጀመሪያው የቱ ነው ትለኛለች። እኔ እንደ ሕፃን እየተንተባተብኩ እጠራለሁ። ከእሱ ቀጥሎስ ትላለች። አንዱን ከዘለልኩ ተሳፋሪ ጥለህ ሄድክ፣ ተመለስ ትለኛለች። እንዲህ እያለች ከሰፈራችን ጣቢያው ድረስ ፌርማታ በፌርማታ ምላሴን ፈታችው። ንግግር የምታስተምረኝ ባለሙያ ይህን ስትሰማ ከእኔ ይልቅ ልጅህ ናት የምታድንህ ብላ ነበር። ጠያቂዎቹ ከሕይወትሽ አንድ ነገር ንገሪን ሲሏት ይህ ሁሉ አፏ ውስጥ ነበር፤ ዋጠችው።

ደጃፋችን

ክርያት ሞሼ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። በሕንፃችን መግቢያ ባለው አግዳሚ ላይ እማማ ትርንጎ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። እማማ ትርንጎ ከእኛ ግድግዳ ጎን የሚኖሩ፣ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ አሮጊት ናቸው። እንደ ልማዳቸው ሰላምታውን ዘረጉት፤ እንዴት ዋላችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ብርቱካንስ፣ ወገብህስ እንዴት ሆነልህ፣ ልጅቱስ ምነው ደከማት፣ ከየት ነው የምትመጡት?

መልሱ የታወቀ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን ብሎ ደረጃውን መውጣት ነው። ሚካልም ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እኔ ምርኩዜን ተደግፌ ቆምኩ።

«እማማ፣ ደህና አይደለንም» አልኳቸው። «ልጄ ነርስ ልትሆን ገሊላ ድረስ ሄዳ ሳይቀበሏት ቀሩ። ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር ቢሏት ቤት ነበርኩ አለቻቸው። እኔን ስታጥብ ነበር። ወገቤን አይደለም የታመምኩት። ግማሽ ሰውነቴ በድን ሆኖ፣ በልጄ እጅ ስበላ፣ በልጄ እጅ ስታጠብ ነው የኖርኩት።»

  እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እናውቃለን እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ግድግዳው ስስ ነው። ፌርማታ ስታስጠራህ በየጧቱ እሰማ ነበር። እኔ እንኳ መስመሩን አጥንቼዋለሁ። አራተኛውን ሁልጊዜ ትረሳው ነበር።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ ጎረቤት፣ ብርቱካን በሌለችበት ጊዜ ወጥ በር ላይ አስቀምጣ የምትሄደው ለዚህ እንደነበር ነገረችኝ፤ እኔ ለበዓል የተረፋት መስሎኝ ነበር። አንተ እንዳታፍር ብለን ነው ዝም ያልነው አሉ እማማ። ስለ ወገቤ በየቀኑ ሲጠይቁኝ የኖሩት እኔ እንድዋሽ ቦታ ሊሰጡኝ ነው። ፎቁ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሳያውቁ የቀሩት፣ ማወቅ የነበረባቸው ሦስቱ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ጉዞው ያስተማረኝን ልጻፍ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ብዙ አይደለም። ገመናን መሸፈን ፍቅር ነው፣ ዛሬም እንዲያ ነው የማምነው። ግን እኔ የተሸፈንኩበት ጋቢ ልጄንም ሸፍኗት ነበር፤ የሠራችውን ሁሉ ከእኔ ጋር አብሮ ደበቀው። እሱን ልገልጠው የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ይህን ለማወቅ ደግሞ ገሊላ ድረስ መሄድ አስፈለገኝ።

ሚካል ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ደረጃውን ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዘችኝ።

«በሚቀጥለው ወር እዚሁ አጠገብ ሌላ ራያዮን አለኝ» አለችኝ። «ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማጠቡንም፣ አባ?»

ወደ አግዳሚው ዞርኩ።

«ማጠቡንም» አልኳት፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።